የአፍንጫ ክርክር

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። አያቷ እማማ ግን ከተወለደች ጀምሮ ከአፍንጫዋ ጋር አልታረቁም።

«ይቺ አፍንጫ ከየት መጣች? በኛ ዘር የለችም!»

ነገሩ ለምራታቸው፣ ለልጅቷ እናት ነው። ምራትየው ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የሰፈሩንም የቤተሰቡንም ደም ስትመረምር የኖረች። እማማ እንዲህ ባሉ ቁጥር ፈገግ ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ዘር ውርስ አስተምሮ ሲጨርስ፣ «ቅዳሜ ቤተሰቦቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የደም ዓይነታቸውን እናያለን» አለ። ልጅቷ ክንፍ አውጥታ ቤት ገባችና ተናገረች።

እናቷ ክው አለች። «ይቅርብሽ የኔ ልጅ። ሌላ የቤት ሥራ ይስጥሽ።»

«ምነው? ምን ያስፈራሻል?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸው እያበራ። «ሁላችንም እንሄዳለን! አንድም ሰው አይቀር!»

ያን ሳምንት እናትየው እንቅልፍ አጣች። አንዴ ባሏን፣ አንዴ አማቷን እንዲቀሩ ስትለምን ሰነበተች። ልጅቷ ይህን አየች። መስታወት ፊት ቆማ አፍንጫዋን ዳሰሰች። እውነት የማን ልጅ ነኝ?

ቅዳሜ እማማ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ያዙ። ረጅሙ አባቷ አንገቱን ደፍቷል። አጭሩ አያቷ አባባ እግራቸው መሬት ሳይነካ አንቀላፍተዋል። መምህሩ ጣት እየወጋ፣ ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

«እናት ቢ፣ አባት ኦ፣ ልጅ ቢ። ግጥም ያለ ነው!»

አባትየው ልጁን እቅፍ አደረጋት። እሷም አለቀሰች፣ ሳቀችም። እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ እጅ የሚሰጡ ሰው ግን አይደሉም። ብድግ አሉ።

«እስቲ የባሌን እዩልኝ! የዘራችን ምንጭ እሱ ነው!»

«ኧረ አባባ ይረፉ፣ ይተዉአቸው!» እናትየው ሮጣ መሃል ገባች። አባባ ግን ነቅተው ጣታቸውን ዘርግተዋል።

መምህሩ ጠብታዋን አየ። ፊቱ በደስታ በራ። «ኤቢ! ይኸውላችሁ ልጆች፣ ጥሩ ምሳሌ! ኤቢ የሆነ አባት ኦ የሆነ ልጅ መውለድ አይች...» አለና ቀና ብሎ ሰሌዳው ላይ «አባት ኦ» የሚለውን ሲያይ የቀረውን ዋጠው።

እናትየው እማማን ደግፋ ወንበር ላይ እያስቀመጠች፣ በጆሯቸው «እማማ፣ እኔ እኮ የፈራሁት ለእርስዎ ነበር» አለቻቸው።