ከዶሮዎቹ ጋር ሃያ ደቂቃ

ባለቤቴ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ቤተሰቡ በተሟላበት፣ ካልሲ ደርቦ መልበሱን በይፋ አስታወቀ። ግራ እግሩን አንሥቶ ሱሪውን ሰበሰበና አሳየን። እናቱ አዩ፤ ወንድሙ አየ፤ እኔም እንዳየሁ ተቆጠረ። ከዚያ ወንድምየው የማቀዝቀዣውን ክፍል ከባድ በር በሁለት እጁ ጎትቶ ከፈተና "ግቡ እንግዲህ" አለን።

ክፍሉ የታረደ ዶሮ ማከማቻ ነው። ካርቶኑ ጣሪያ ድረስ ተደርድሯል፤ በሩ አጠገብ ያለው መለኪያ ከዜሮ በታች ስድስት ይላል። የመጋዘኑ ኃላፊ ወንድምየው ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ከእኛና ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወደ ዓለም ሰሜን ጫፍ፣ ብርዱ ሲጸና ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ ብቅ የማትልበት አንድ ትንሽ ከተማ አለ፤ የዚያ ከተማ ሆስፒታል ቀጥሮኛል። ቤት እሰጥሻለሁ፣ ባልሽንም አማትሽንም ይዘሽ ነይ ብሏል። መልስ የምሰጥበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ሰዓቱም አሥር።

ሰው እዚያም ይወለዳል። እኔ ቆርጫለሁ። ባለቤቴም በአፉ ቆርጧል። "እኔማ ዛሬ ተነሥ ብትይኝ እነሣለሁ፤ እማዬ ግን ብርድ አትችልም" ማለት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው። ወንድምየው ደግሞ "እኔ ጋ ትቅር እንዳልል፣ ከአንተ ተለይታ አንድ ቀን አታድርም" ይለዋል። እማማን ራሳቸውን የጠየቃቸው የለም።

የዛሬውን ፈተና ያወጣው ባለቤቴ ነው። የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ስለሆነ ፈተና ነፍሱ ነው። ሃያ ደቂቃ እንቀመጣለን፤ እማማ ከቻሉ እንሄዳለን፣ ካልቻሉ እንቀራለን። ማን እንዲወድቅ እንደፈለገ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ወንድምየው ወፍራሙን የሥራ ካፖርት አውልቆ ለእናቱ ሊደርብላቸው ሲል ባለቤቴ እጁን ያዘው።

"ተው! ፈተናው ይበላሻል።"

"እሺ" አለና መልሶ ራሱ ለበሰው።

ካርቶን ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

"ዘና በሉ" አለ ባለቤቴ። "ፊት ለፊት ማየት። ትከሻ አለማጥበቅ።"

"ማርሹስ?" አለው ወንድሙ።

"አንተ ተፈታኝ አይደለህም።"

በአምስተኛው ደቂቃ ላይ "አሁን ይሄ ብርድ ይባላል?" ሲል ባለቤቴ ጠየቀ። በስምንተኛው ደገመው፤ በዚህኛው ግን ጥርሱ አብሮ ይናገር ነበር።

"በረደህ እንዴ?" አልኩት።

"እኔን? እኔ የማስበው ለእማዬ ነው።"

"ከንፈርህ ግን የራስህ ነው፤ ጠቁሯል።"

"አንቺስ፣ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ምን ወሰደው?"

"ሁልጊዜም ቦታው እዚያ ነው።"

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ በረደሽ አይደል?" አላቸው ባለቤቴ።

"ዝም በል እስቲ።"

"አያችሁ?" ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አዝኗል፤ ዓይኑ ግን እፎይ ብሏል። "መናገር እንኳ አቃታት። ምስኪን!"

"ከበቃሽ በቃኝ በይ፣ እማዬ" አለ ወንድምየው ካፖርቱን እስከ አገጩ እየቆለፈ። "ማንም አይፈርድብሽም።"

"ማንም!" አለ ባለቤቴ።

እኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬን ጨብጬ የእማማን አፍ አያለሁ። ለሆስፒታሉ ሁለት መልስ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ የምወደው አጭሩን ነው። ረጅሙ በይቅርታ ይጀምራል። ከዚህ አፍ አንዲት "በቃኝ" ከወጣች የሚላከው ረጅሙ ነው።

በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ባለቤቴ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

"በቃ! እናቴን እዚህ አልገድላትም። ሥራውም ይቅር፣ ከተማውም ይቅር። ክፈተው!"

ወንድምየው በሩን ገፋው። ማን ቀድሞ እንደወጣ ወደፊት ክርክር ሊነሣ ስለሚችል ላሳጥረው፦ እኔ ነኝ። የባለቤቴ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ነበር። ወንድምየው ከነካፖርቱ ሦስተኛ ወጣ። ግቢው መሀል፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ዝናብ እንደመታው ዶሮ ተንቀጠቀጥን።

"እማዬስ?" አለ ወንድምየው።

ዞር አልን። እማማ እዚያው ካርቶናቸው ላይ ናቸው። የሹራባቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈትተዋል፤ ሁለተኛውን እየፈቱ ነው።

"ነይ ውጪ፣ እማዬ! አለቀ!" ብሎ ጮኸ ባለቤቴ።

ዓይናቸውን ገለጡ። "ምኑ ነው ያለቀው? ሃያ ደቂቃ አላልክም?"

"እንዳትታመሚብኝ ብዬ እኮ ነው።"

"ሠላሳ አምስት ዓመት የሆቴል አንሶላ ስተኩስ፣ በካውያ እንፋሎት ስቀቀል፣ 'አለቀ፣ ውጪ' ያለኝ ሰው የለም። ገና ዛሬ ነው ሰውነቴ የተነፈሰው።" ሦስተኛውን ቁልፍ ፈቱ። "በሉ በሩን መልሱት፤ ሙቀት አስገባችሁብኝ።"

ወንድምየው ልማድ ሆኖበት ዘጋው።

ባለቤቴ የተዘጋውን በር አየ። ወንድሙን አየ፤ ወንድሙ የካፖርቱን ቁልፍ መቁጠር ጀምሯል። ከዚያ እኔ አጭሩን መልስ ልልክ ስልኬን ሳወጣ፣ እኔን ላለማየት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።