የቱቦው ማሰሪያ

ወደ ጨፋ መንደር መብራት በገባ ዓመት ሙጂብ የሚባል ኤሌክትሪሽያን ከከሚሴ መጥቶ ለሙሳ ቤት መስመር ዘረጋ። ገመዱን ከጣሪያው እስከ ቆጣሪው በብረት ቱቦ ውስጥ አወረደው። ከዚያ ቱቦውን ከቆጣሪው ሳጥንና መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር በራቁት የመዳብ ሽቦ አሰረው።

የሙሳ ወንድም ፈይሰል ቆሞ ሳቀ። «ለአንዲት አምፖል ይህ ሁሉ እስራት? ቤቱ ይጠፋል ብለህ ነው?»

«መብራት እንደ ኮርማ ነው፤ ካልታሰረ ይወጋል» አለ ሙጂብ። ወደ ሙሳ ዞረ። «ጋሽ ሙሳ፣ ገመዱ ከተላጠ ቱቦው መብራት ይይዛል። ወደ መሬት የሚያወርደው ይህ ሽቦ ነው። ማንም እንዳይነካው ለቤተሰብ ይንገሩ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ሙሳ። ወደ ማሽላው ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ ሚስቱን ዘይናን ቁርጥማት ያዛት። ቀኝ እጇ ላም ማለብ አቃተው። ባቲ ገበያ ያገኘቻት አንዲት ሴት የመዳብ አምባር ያሽርሻል አለቻት። ለሙሳ ነገረችው።

«በዚህ ዕድሜሽ ጌጥ አማረሽ?» አለ። ወሬው እዚያው ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ተሻላት። ላሟን እንደ ድሮው ራሷ ታልብ ጀመር።

አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ ወተቱን ይዛ ስትመለስ አዳለጣትና ቱቦውን ጨበጠች። ሙሳ ሲደርስ ወተቱ ጭቃው ላይ ፈስሷል። ዘይና አትተነፍስም።

ፈይሰል በደረቅ እንጨት እጇን አላቀቀ። ቀና ብሎ ቱቦውን አየ። አፉ ላይ ገመዱ ተልጧል፤ ማሰሪያው ሽቦ የለም።

«ሙጂብ ባለፈው ሰኞ ባቲ ላይ መዳብ ሲሸጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። «አስሮ አሳየን፤ ዞር ስንል ፈታው። ሌባ!»

ሙሳ የዘይናን ዓይን ከደነ።

ሴቶቹ ሬሳውን ለማጠብ ወደ ውስጥ አስገቡት። ሙጂብ መርዶውን ሰምቶ ለቀብር እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ፈይሰል ጠመንጃውን አነሳ።

«በቦርከና ድልድይ ነው የሚያልፈው» አለ። «ወላሂ፣ ተው ካልከኝ እተዋለሁ።»

ሙሳ መሬት መሬቱን አየ። ፈይሰል ጥቂት ጠበቀውና ወጣ።

ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማ ነበር። ከወንዙ በኩል አንድ ጥይት ጮኸ።

ያኔ አጣቢዋ ረቢአ ወጥታ፣ ከዘይና እጅጌ ሥር ያወለቀችውን፣ ተገምዶ አምባር የሆነ የመዳብ ሽቦ ሙሳ መዳፍ ላይ አኖረችው።