የሙሴ ሃጎፕ ማስታወቂያ

ሙሴ ሃጎፕ ሲን ኤል ፊል በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ የሙሽሮችን ፎቶ ሲያነሳ ዕድሜውን የፈጀ አርመን ነው። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ወዲህ ሙሽሮቹ ወደ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሄዱበት። እሱም እሁድ እሁድ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን ሐበሻ የቤት ሠራተኞች በመስኮቱ ማየት ጀመረ። እነዚህ ልጆች ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ፎቶ መላካቸው አይቀርም። ችግሩ ከቋንቋቸው አንዲት ቃል አለማወቁ ነበር።

ከነሱ አንዷን፣ ዝናሽን፣ ያገኛት የማዳሟን ሕፃን የፓስፖርት ፎቶ ልታስነሳ ስትመጣ ነው።

«በቋንቋችሁ ማስታወቂያ መጻፍ ትችያለሽ?» አላት።

«ከማንም በላይ፣ ሙሴ።»

ጉራዋን አልነበረም። ቃል እንደ ዝናሽ የሚታዘዝለት ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ የስንቱን ደብዳቤ ጽፋለች። ሃጎፕም ሴቶቹ በማስታወቂያው ከመጡለት በየወሩ አንድ ፎቶ በነፃ ሊያነሳት ቃል ገባላት።

ሦስት ቀን ሙሉ ድስት እየፈተገች አሰበች። «ውብ ፎቶ፣ ፈጣን አገልግሎት» ብላ ጻፈችና ራሷም ሳቀችበት። እንዲህ ያለውን ማንም ይጽፈዋል። በአራተኛው ቀን፣ ለገና ደሴ አስተማሪ ለሆነው እጮኛዋ ለይልቃል ፎቶዋን ስትልክለት የጻፈችው አንድ መስመር ትዝ አላት። «እኔን» የሚለውን «አንቺን» አድርጋ አስተካከለችው።

«እህቴ፣ አንቺን ቢቆልፉብሽ ፎቶሽን ማን ይቆልፍበታል?»

ሙሴ ሃጎፕ ምን እንደሚል ሲጠይቃት «ዋጋው ደህና ነው ይላል» አለችው። ደስ አለው።

የዝናሽ እጅ ጽሑፍ ግን ለደብዳቤ እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም። ስለዚህ ረቂቁን ከሷ አንድ ፎቅ በላይ ለምትሠራው ለሮማነወርቅ ላከችው። የሁለቱ ፖስታ ቤት ማዳሞቹ አትክልት የሚስቡበት ቅርጫት ነበር፤ በገመድ ከሰገነት ሰገነት ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝናሽ ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ የወረደላት በሱ ነው። በዚህ ከተማ ሰው አለኝ የምትለው ሮማነወርቅን ብቻ ነበር።

«ለማንም እንዳታሳዪብኝ!» አለቻት ወደ ላይ አንጋጣ።

«ኸላስ፣ ሰማሁ እኮ!»

ሮማነወርቅ እንደ ታተመ አሳምራ ጽፋ መለሰችላት። ሃጎፕም በብዙ ቅጂ አባዛው።

እሁድ ዝናሽ ወረቀቷን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትደርስ ሴቶቹ ቀድመው ወረቀት ይዘዋል። አንጠልያስ የሚባል ሰፈር ያለ የሌላ ፎቶ ቤት ማስታወቂያ ነው። አናቱ ላይ ያለው መስመር የሷ ነበር። አንዲት ፊደል አልተለወጠም።

ሙሴ ሃጎፕ አማርኛ ባያነብም ዓይን አለው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደሎቹን በጣቱ አመሳከረ።

«ለሁለታችንም ነው የሸጥሽው?» አላት።

«በማርያም፣ ሙሴ! አልሸጥኩም!»

«ያላ፣ ከፊቴ ሂጂ።»

እንባዋን እየዋጠች ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ወረቀቱን ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ይህቺ ሴት ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የማዳሟን እናት ቤት ልታጸዳ አንጠልያስ ትሄዳለች። ደሟ ፈላ።

«ለማን ነው የሰጠሽው?» ስትል ከሰገነቱ ጮኸች።

ሮማነወርቅ አንገቷን አወጣች። «ምኑን?»

«ሐሙስ አንጠልያስ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ቤት ስጠርግ ነዋ! ምን ሆነሻል፣ ዝንዬ?»

«ዝንዬ አትበይኝ! እህቴ ስልሽ ጉድ ሠራሽኝ። ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

በማግስቱ ቅርጫቱ ሁለት ብርቱካን ይዞ ወረደ። ከላይ የምታለቅስ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ዝናሽ ግን ብርቱካኖቹን ሳትነካ ገመዱን ነቅንቃ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ቅርጫቱ አልወረደም።

በሚቀጥለው እሁድ ቅዳሴውን ትታ በሰርቪስ ታክሲ አንጠልያስ ወረደች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንዲት ፊተ ክብ ልጅ መስተዋት ትወለውላለች። ሳምሪ ትባላለች፤ የባለ ፎቶ ቤቱ የቤት ሠራተኛ ናት።

«ይሄን ማስታወቂያ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ። ያኒ... እጁ የኔ ነው፣ ቃሉ ግን ከደብዳቤ ላይ የወሰድኩት ነው።»

«ሮማነወርቅ ሰጥታሽ ነው አይደል?»

«የቷ ሮማነወርቅ? እንደዚህ የምትባል አላውቅም። አገር ቤት ያለው እጮኛዬ ነው፣ ፎቶሽን ላኪልኝ ሲል የጻፈልኝ።»

ለዝናሽ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። ሮማነወርቅ አገር ቤት አሸብር የሚባል፣ ሴት የማይጠግብ ወንድም አላት። የዝናሽን የገና ደብዳቤ ፖስታ ቤት ያደረሰችውስ ማን ነበረች? ራሷ ሮማነወርቅ። ከፍታ አንብባ ለወንድሟ አቀብላዋለች! እንባዋም ብርቱካኑም ለዚህ ነበር።

«አንቺ መጻፍ የምትችዪ ትመስያለሽ» አለች ሳምሪ እያፈረች። «እባክሽ መልሱን ጻፊልኝ። እኔ እንደሱ ቃል አይመጣልኝም፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ዝናሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአሸብርን ስም በገዛ እጇ ጽፋ፣ የደብዳቤውን ቅጂ ለራሷ አስቀርታ ያቺ ከሃዲ ፊት ልትዘረጋው ቆረጠች። ከዚያ በኋላ ሮማነወርቅ ምን እንደምትል ታያለች። እስክሪብቶውን አነሳች።

«ለውድ... ብያለሁ። ለውድ ማን ልበል?»

«ይልቃል በይው» አለች ሳምሪ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን እያየች። «ደሴ አስተማሪ ነው፤ ፊደል እንዳትስቺብኝ አደራ።»