ዳንቴል የለበሰው እሳት ማጥፊያ

ተቆጣጣሪው ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ የእሳት ማጥፊያውን ጠቋሚ አየ። ቀስቷ አረንጓዴው ላይ ነበረች። «ጎሽ ጋሼ! ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ስንት ዳቦ ቤት ዞሬ እንዲህ እንደ ሙሽራ የተያዘ አላየሁም» አለ። ባለዳቦ ቤቱ ቴሌቪዥኑን እንዳለበሰው ሁሉ ማጥፊያውንም ዳንቴል አልብሶታል። ዳንቴሉን የሠራችው ጋጋሪዋ ነበረች፤ ያኔ ጣቶቿ ይታጠፉ ነበር።

አሁን ጣቶቿን ሽርጧ ሥር ደብቃ ቆማለች። ጠዋት ባለዳቦ ቤቱ «ትንፍሽ ብትዪ ነገ አገርሽ ዳምቦያ ትገቢያለሽ» ብሏታል። ባለፈው ሰኔ የቦምቦሊኖው ዘይት ሲቀጣጠል ወደ ማጥፊያው ብትሮጥ፣ ደረቱን ሰጥቶ የከለከላት እሱ ራሱ ነበር። «ተይው! ለቁጥጥር ነው የተገዛው፤ ሙሉ መሆን አለበት!» እሳቱን በጆንያና በእጇ አጠፋችው።

«እስቲ እህታችን አጠቃቀሙን ታሳየን» አለ ተቆጣጣሪው፣ ዳንቴሉን ገፎ ለባለዳቦ ቤቱ እያቀበለ። «የማጥፊያውን ቀለበት ሳቢያት።»

እጆቿን አወጣች። ተቆጣጣሪው አያቸውና ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰደደ። ቀለበቷ ከደረቁት ጣቶቿ አንዴ አመለጠች፤ ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አመለጠች።

«እንግዲህ ዕቃው አልፏል» አለ ተቆጣጣሪው፣ ጣሪያውን እያየ። «ሠራተኛዋ ግን ወድቃለች። እጁ የሚሠራ ሰው መድቡ፣ ጋሼ።»

«ነገውኑ፣ ኢንጂነር!» አለ ባለዳቦ ቤቱ። ከዚያ ዳንቴሉን ወረወረላት። «በይ፣ ከመሄድሽ በፊት አልብሺው።»