ጠጉር የማራገፊያ ወቅት

ጥንቸላችን ኪናኮ ጠጉሯን በምታራግፍበት ወቅት፣ አማቴ ቶሺዬ በር ላይ አቁመውኝ በሚያጣብቅ የወረቀት ጥቅልል ልብሴን ሳይጠርጉ ለሥራ አልወጣም። በኦሳካ ባቡር ውስጥ የሰው ኮት ላይ ጠጉር ማራገፍ ነውር ነው።

ዛሬ ግን ጠጉሩ አላልቅ አለ።

«ባቡሩ አመለጠኝ እኮ፣ እማማ!»

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ሰው ምን ይለናል?»

ኮቴን አስወለቁኝ፤ ቀጥሎ ሸሚዜን። ጥቅልሉን በባዶ ጀርባዬ ላይ አንከባለሉት።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ አመመኝ!»

ዞር ብዬ አየሁ። ወረቀቱ ላይ የኪናኮን የመሰለ ቡናማ ጠጉር ከጀርባዬ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጣብቋል።

ቶሺዬ አልደነገጡም። «በቃ፣ ወቅቱ እስኪያልፍ መውጣት የለም» ብለው በሩን ቆለፉ። ከዚያ ኪናኮን እንደሚያሻሿት ግንባሬን አሻሹኝ።

የሚያናድደው ነገር፣ ደስ አለኝ።