ከፍል ውሃው እንፋሎት በላይ

በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያመላልሰው ኬብል ካር ከፍል ውሃው ሸለቆ በላይ እኩሌታው መንገድ ላይ ሲደርስ ነፋስ መታውና ቀጥ ብሎ ቆመ። ወለሉ ሲወዛወዝ አዛውንቷ ፉሳኤ ደንግጠው እጃቸውን ሰደዱ፤ የያዙት ግን አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጃቸውን ኪዮሃሩን አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በስሟ ያልጠሯትን ምራታቸውን ነበር።

«ሚጹዮ» አሉ፣ እጇን ጥብቅ አድርገው።

ሚጹዮ ክው አለች። ባሏን ብታየው እሱም ከእሷ ብሶ ደንግጧል። ባልና ሚስቱ አዛውንቷን ለሽርሽር ብለው ያመጧቸው አንድ ነገር ሊነግሯቸው ነበር፤ ኪዮሃሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ወሬውን መጀመር አቅቶት ስለ አየሩ ብቻ ሲያወራ ነበር።

«እሱ እስኪነግረኝ ብጠብቅ እዚሁ ተንጠልጥለን እናረጃለን» አሉ ፉሳኤ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አረጋውያን መጦሪያ ቤት ልታስገቡኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤቱን አንቺ ምረጪልኝ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» አለ ኪዮሃሩ።

«አንተ ዝም በል። ከተወለድክ ጀምሮ መምረጥ አታውቅበትም፤ የተሳካልህ እሷን ያመጣህ ቀን ብቻ ነው።»

ኬብል ካሩ ነቅነቅ ብሎ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ሚጹዮ ቤቱን ከመረጠች ወር አልፏታል። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ትታው ሌላውን እጇን በአማቷ እጅ ላይ ደረበች። አዛውንቷ ላይኛው ጣቢያ እስኪደርሱ እጇን አልለቀቁም።