ተመላሾቹ ብስክሌቶች

ተለማማጇ ብሩሹን የቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ነክራ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ነጭ ታለብሰዋለች። የሟቹ ሚስት አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከብሩሹ አትነቅልም።

የእግረኞችና የብስክሌተኞች ማኅበር ልማድ ነው፤ መኪና ብስክሌተኛ ገጭቶ ሲገድል፣ የሟቹ ብስክሌት ከጎማ እስከ መሪ ነጭ ተቀብቶ በሞተበት ቦታ ይታሰራል። አሽከርካሪ አይቶ እንዲደነግጥ።

ተለማማጇ የመንገድ ምህንድስና ተማሪ ናት። ለከተማው የእግረኛ መንገድ እነድፋለሁ ብላ መጥታ፣ ከመጣች ወዲህ እጇ ከነጭ ቀለም አልጸዳም።

«ኢንጂነር!» ይላል ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ብቅ ብሎ። «ቅዳሜ ብስክሌቱ ሲታሰር ጋዜጠኞች ይመጣሉ፤ እንዳታዋርጂኝ!»

«እሺ ጋሼ።»

«ትልቋ ልጄን አስለቅሼ ነው ይዤው የወጣሁት» ትላለች ሴትዮዋ። «የተጣመመው የፊቱ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱ ቢቀየር ትምህርት ቤት ያመላልሰኛል ብላ። አባትሽ እንደ ወጣ ሲቀር አንድ ምልክት እንኳ አይቁምለት ወይ አልኳት።»

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞር ትላለች። ላይ በላይ የተጣሉ ነጭ ብስክሌቶች አሉ፤ ዝገት ቀለማቸውን ከውስጥ እየበላው።

«እነዚያስ? ወረፋ ጠባቂዎች ናቸው?»

ብሩሹ ባለበት ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ነግሯታል፤ የሴትዮዋ ባል የሞተበት መታጠፊያም ለመኪና ሊሰፋ ነው፣ ቆፋሪዎቹ ሲገቡ ብስክሌቱ ይነሳል። ቅዳሜ እስኪያልፍ ግን ለቤተሰቡ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሏታል።

«ተመላሾች ናቸው፣ እትዬ» ትላለች። «መንገድ ሲሰፋ እየተነቀሉ የመጡ። የእርስዎም አይቆይም። ክረምት ሳይገባ ያነሱታል።» ብሩሹን ታስቀምጣለች። «ገና ግማሹን ነው የቀባሁት፤ በቤንዚን ይለቃል። ይውሰዱት፣ ለልጅቷ ይሁናት። እኔ የመጣው ይምጣብኝ።»

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፤ ትፈታለች።

«ልውሰደውና?» ትላለች። «ትምህርት ቤቷ በየት በኩል ይመስልሻል፣ ልጄ? ያው በዚያው መታጠፊያ አይደለም እንዴ?»

ስለ መንገድ ስትማር የከረመች ልጅ፣ የምትጠቁማት ሌላ መንገድ የላትም።

«በይ ብሩሹን ስጪኝ» ትላለች ሴትዮዋ።

መሪውን ራሷ ትቀባዋለች፤ መያዣውን፣ ፍሬኑን፣ ባሏ ማታ በር ላይ ሲደርስ ያቃጭለው የነበረውን ትንሽ ደወል። አንድም ቦታ አትዘልም። ጨርሳ ብሩሹን ካስቀመጠች በኋላ፣ እንደ ዘበት አውራ ጣቷን ደወሉ ላይ አሳርፋ ትጫነዋለች።

ቀለም በጎን ፊጭ ይላል እንጂ ድምፅ የለም።

ደግማ ትጫነዋለች።